አፈሩ ስንት ግራም ጎደለ? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ቤልጂየም ተመራማሪዎች

ከአዲስ አበባ ዳርቻ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል የቤልጂየምን የሳይንስ ታሪክ የሚነኩትን አራቱን መርጠናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሰበታ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ቫን ሄልሞንት የተባለው የብራስልስ ሰው ዛፍ ከአፈር ሳይሆን ከውኃ ነው የሚያድገው ያለበትን ሙከራ ከሳይንስ ክበባችን ጋር አምና ደገምነው። በመጨረሻ ስንመዝን አፈሩ ጭራሽ ከመነሻው ከብዶ ተገኘ። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ወይ አፈሩ በደንብ አልደረቀም፣ ወይ የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውኃ አጠጥታችሁታል። ሁለቱም ተደርበው ይሆናል ብለን እንጠረጥራለን።

ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት (1580–1644) ያደረገው ይህን ነው። በምድጃ ያደረቀውን 200 ፓውንድ አፈር በትልቅ ሸክላ ውስጥ ጨመረ፤ በዝናብ ውኃ አርሶ 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። አቧራ እንዳይገባ አፉን ብዙ ቀዳዳ ባለው ቆርቆሮ ከደነው። ከዝናብ ወይም ከተጣራ ውኃ በቀር ምንም አልጨመረም። ከ5 ዓመት በኋላ ዛፏ 169 ፓውንድ ከ3 አውንስ መዘነች፤ አፈሩ እንደገና ደርቆ ሲመዘን የጎደለው 2 አውንስ ያህል ብቻ ሆነ። ይህን የምናውቀው እሱ ከሞተ በኋላ ልጁ በ1648 ካሳተመው መጽሐፍ ነው።

2 አውንስ በዛሬው መለኪያ 60 ግራም ያህል ነው፤ አፈሩ ደግሞ 90 ኪሎ ገደማ። 90 ኪሎ ተሸክሞ 60 ግራም የሚለይ ሚዛን እህል ነጋዴ ዘንድም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ መጠኑን አሳንሱት። 5 ኪሎ የሚችልና በ1 ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃችኋል፤ በየባልዲው 4 ኪሎ ደረቅ አፈር አድርጉ፤ የባዶ ባልዲውን ክብደት አስቀድማችሁ ጻፉ።

የአካባቢያችሁን ዋልካ ግን ተዉት። ውኃ ይዞ አይለቅም፤ ሲደርቅ ይጠጥርና ከሥሩ አልላቀቅ ይላል። ቀይ አፈርና የወንዝ አሸዋ እኩል ቀላቅላችሁ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ንፉት። ማድረቁ ላይ አትቸኩሉ፦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እጅ ሲነካው የደረቀ የሚመስል አፈር ከመቶ 3 እጅ እንኳ ውኃ ቢይዝ በ4 ኪሎ ላይ የ120 ግራም ስሕተት ነው። የቤተ ሙከራ ምድጃ ካላችሁ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 24 ሰዓት አቆዩት። ከሌላችሁ ምጣድ ላይ በስሱ አሰጥታችሁ በመጠነኛ እሳት እያገላበጣችሁ አድርቁ፤ በየግማሽ ሰዓቱ መዝኑ፤ ሁለት ተከታታይ ልኬቶች ከ1 ግራም በላይ ካልተለያዩ ደርቋል። ጭስ ከሸተታችሁ ግን ብስባሹ መቃጠል ጀምሯልና ያን አፈር ጣሉት።

አኻያ በወንዝ ዳር ስለምትገኝ ችግኝ ፍለጋ አትድከሙ። አውራ ጣት የሚያክል ውፍረትና 25 ሴንቲሜትር ርዝመት ያላቸውን ዘንጎች ቁረጡ፤ ሁለት ሦስተኛቸውን አፈር ውስጥ ቅበሩ። ከእያንዳንዱ ዘንግ ጋር የሚመሳሰል መንትያ ቆርጣችሁ ያንን አድርቃችሁ መዝኑ። የተከላችሁት ዘንግ ደረቅ ክብደቱ ስንት እንደነበር የምታውቁት በዚህ ብቻ ነው። ቫን ሄልሞንት የመዘነው እርጥብ ዛፍ ነበር፤ የእርጥብ እንጨት ግማሽ ያህሉ ደግሞ ውኃ ነው።

ውኃው የክረምት ዝናብ ይሁን። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጣሪያውን አጥበው ይሂዱ፤ ከዚያ በኋላ ከአሸንዳ የሚወርደውን በጀሪካን አጠራቅሙ። ስሌቱን ተመልከቱ፦ ውኃው በሊትር 400 ሚሊግራም የሟሟ ማዕድን ቢኖረው፣ በዓመት 100 ሊትር የጠጣ ባልዲ 40 ግራም ይጨምራል። አኻያዋ በዓመት 200 ግራም ደረቅ ክብደት ብታበጅና ከዚያ ከመቶ 5 እጁ ማዕድን ቢሆን ከአፈር የወሰደችው 10 ግራም ነው። አምና አፈራችሁ የከበደው በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል። ከባልዲው ሥር የሚወጣውንም ውኃ በሳህን ተቀብላችሁ መልሱት፤ አለዚያ ማዕድኑ አብሮ ይፈሳል።

ቫን ሄልሞንት ያላደረገውን ደግሞ እናንተ አድርጉ። ተክል የሌለባቸው ሁለት ባልዲዎች እኩል ውኃ እየጠጡ ጎን ለጎን ይቀመጡ። 4 ኪሎው አፈር ከመቶ 2 እጁ ብስባሽ ቢሆን 80 ግራም ነው። ረቂቅ ነፍሳት ከዚያ ጥቂቱን ሲመገቡ ካርቦኑ ወደ አየር ይወጣል፤ ባዶዎቹ ባልዲዎች ከሌሉ ይህን ጉድለት ሁሉ ለአኻያዋ ትቆጥሩታላችሁ። የሚረግፈውንም ቅጠል በከረጢት ሰብስቡ። እሱ በአራት መከር የረገፈውን ቅጠል እንዳልመዘነ ራሱ ጽፏል። በመጨረሻ ሥሮቹን በሳፋ ውስጥ እጠቡ፤ እጣቢውን አትንናችሁ የቀረውን ጭቃ ከአፈሩ ጋር መዝኑ።

ለተማሪዎቹ የሚጥመው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የቫን ሄልሞንት ቁጥሮች ልክ ሆነው ዛፍ ከውኃ ብቻ ነው የሚለው መደምደሚያው ስሕተት ነው። ይኸው ሰው 62 ፓውንድ ከሰል አቃጥሎ 1 ፓውንድ አመድ ብቻ ሲያገኝ፣ የቀረው 61 ፓውንድ በዓይን የማይታይ ጋዝ ሆኖ ወጣ ብሏል፤ ጋዝ የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው። ከእንጨት ወደ አየር የሚወጣውን ተመልክቶ ከአየር ወደ እንጨት የሚገባውን አላሰበውም። የመዘነው በእጁ ያስገባውን ብቻ ነበር፤ አየሩ በክዳኑ ቀዳዳም በቅጠሉም ሳይመዘን ይገባ ነበር። በተክል ዕድገት የብርሃንን ድርሻ በ1779 ያሳየው ሆላንዳዊው ያን ኢንገንሃውስ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድንና የውኃን ድርሻ በሚዛን የለየው ደግሞ የጄኔቫው ኒኮላ ቴዎዶር ደ ሶስዩር በ1804።

ጥያቄ፦ ቢግ ባንግን፣ ማለትም ዓለሙ ከአንድ ጅማሬ ተነሥቶ እየሰፋ ነው የሚለውን ሐሳብ፣ ያመጣው ቄስ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ከሆነ የመስፋቱ ሕግ ለምን በአሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሰው በሐብል ስም ይጠራል? (ከቡራዩ)

መልስ፦ እውነት ነው። ዦርዥ ለሜትር በ1894 በሻርለሯ ተወለደ፤ በ1923 የካቶሊክ ቅስና ተቀበለ፤ በሉቨን ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ጋላክሲዎች በራቁ መጠን በበለጠ ፍጥነት እንደሚሸሹ ከአንስታይን ስሌት አውጥቶ፣ የሽሽቱን መጠን በሜጋፓርሴክ (3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቀት ነው) 625 ኪሎ ሜትር በሴኮንድ ብሎ ያሳተመው በ1927 ነው፤ ሐብል ግን 500 ያህል ብሎ ያሳተመው በ1929። የለሜትር ጽሑፍ በብራስልስ በፈረንሳይኛ ስለወጣ ብዙ ሰው አላየውም። በ1931 በእንግሊዝኛ ሲታተም ደግሞ ያ አንቀጽ የለበትም። ሆን ተብሎ ተቆረጠ የሚል ሐሜት ለረጅም ጊዜ ነበር፤ ኋላ የተገኘው ደብዳቤ ግን ተርጓሚውም ቆራጩም ለሜትር ራሱ መሆኑን አሳይቷል፤ ሐብል የተሻለ መረጃ ስላወጣ የራሱ አሮጌ ቁጥር አያስፈልግም ብሎ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2018 ሕጉ «የሐብል-ለሜትር ሕግ» እንዲባል የሚመክር ውሳኔ አሳለፈ።

ሁለቱም ቁጥሮች ከዛሬው 70 አካባቢ እጅግ የራቁ ናቸው፤ የጋላክሲዎቹ ርቀት ከእውነተኛው አንሶ ስለተገመተ። በሐብል 500 ብናሰላ የዓለሙ ዕድሜ 2 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይሆናል፤ ምድር እንኳ 4.5 ቢሊዮን ዓመቷ ነው! የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1951 ንድፈ ሐሳቡን ከፍጥረት ትምህርት ጋር ሲያያይዙት ለሜትር አልተስማማበትም፤ ሁለቱን በየመንገዳቸው መያዝን ይመርጥ ነበር።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ብረታ ብረት ሥራ አለኝ። ከአሮጌ የማግኔት ሞተር የነፋስ ማመንጫ ሠርቼ 12 ቮልት ባትሪ እሞላለሁ። ነፋሱ ሲቆም ግን ክንፉ መዞሩን አይተውም፤ ጠዋት ባትሪው ባዶ ነው። ሞተርን የፈጠረው ግራም የሚባል ቤልጂየማዊ ነው ይባላልና ስለ እሱም ንገሩኝ።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው። ዜኖብ ግራም በ1826 በሊዬዥ አካባቢ የተወለደ እንጨት ሠራተኛ ነበር። ሞተርን የፈጠረው እሱ አይደለም፤ በብረት ቀለበት ላይ ሽቦ የመጠምጠሙንም ሐሳብ ጣሊያናዊው ፓቺኖቲ ቀድሞታል። የግራም ሥራ ለፋብሪካ የሚበቃ፣ ሳያቋርጥ ቀጥተኛ ከረንት የሚሰጥ ዲናሞ ነው፤ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የቀረበው በ1871 ነው። በ1873 በቪየና ኤግዚቢሽን ከሚሠራው ዲናሞ የተሳበው ሽቦ ከሌላ ተመሳሳይ ዲናሞ ጋር ሲገናኝ ሁለተኛው ሞተር ሆኖ መዞር ጀመረ። ነፋስ ሲቆም የእርስዎም ማመንጫ እንደዚያ ሁለተኛ ማሽን ነው፤ ባትሪው እያዞረው ያድራል።

መድኃኒቱ ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዳዮድ ነው። ከማመንጫው ፖዘቲቭ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ በሚሄደው ሽቦ ላይ ይግባ፤ ቀለበት ምልክቱ ወደ ባትሪው ይዙር። የሚሞላው ከረንት እስከ 5 አምፒር ከሆነ የ10 አምፒር ዳዮድ ይግዙ። 0.8 ቮልት ቢበላ 4 ዋት ሙቀት ነውና ከአሉሚኒየም ሳህን ጋር ይሰር። ሾትኪ የሚባለው ዓይነት ቮልት የሚበላው ያነሰ ነው። ባትሪው አጠገብ የ10 አምፒር ፊውዝ አይርሱ።

ዳዮዱ ከገባ በኋላ «ጭራሽ አይሞላም» ሊሉ ይችላሉ። ባትሪውን ለመሙላት እስከ 14.4 ቮልት ያስፈልጋል፤ ዳዮዱ ሲጨመር 15 ይጠጋል። በ12 ቮልት 3,000 ዙር በደቂቃ የሚዞር ሞተር 15 ቮልት የሚሰጠው 3,750 ሲዞር ነው። ክንፉ 400 ቢዞር ፑሌጃው ከ1 ለ9 በላይ መሆን አለበት፤ ቺንጋውም ኃይል ይበላል። ከዚህ ሁሉ በዝግታ የሚዞር የ24 ወይም የ36 ቮልት የማግኔት ሞተር መፈለግ ይሻላል። የመኪና ሞተሪኖ አይሞክሩ፤ ብዙዎቹ ቋሚ ማግኔት የላቸውም፣ የተሠራውም ለጥቂት ሴኮንድ ሥራ ነው። የዝናብ መጥረጊያ ሞተርም በብሎን መሰል ጥርሱ ምክንያት ከውጭ በኩል አይዞርም፤ ጥርሱ መውጣት አለበት።

ነፋስ እየነፈሰ ባትሪውን አይንቀሉ። ጭነት ያጣ ክንፍ ከልክ በላይ ይፈጥናል፣ ይሰበራልም። ማቆም ሲፈልጉ ነፋሱ ገር ባለበት ጊዜ ባትሪውን ለይተው ከዳዮዱ በፊት የማመንጫውን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ያገናኙ፤ ማግኔቱ ራሱ ፍሬን ይሆናል።

የግራም ቀለበት ዛሬ የማይታየው ከብረቱ ቀለበት ውስጥ በኩል የሚያልፈው ሽቦ ቮልት ስለማይሰጥ ነው፤ መዳቡ በከንቱ ይባክናል። ከ1872 ጀምሮ ሽቦው ከውጭ ብቻ የሚጠመጠምበት ከበሮ መሰል አርማቸር (የሚዞረው የሽቦ ክፍል) ቦታውን እየወሰደ ሄደ።

ጥያቄ፦ በለገጣፎ ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ። ክብደትን ለቁመት ካሬ ማካፈሉ የቤልጂየም ሰው ሥራ ነው ተባልኩ። ለሁሉም ሰው ይሠራል?

መልስ፦ እኅታችን፣ አይሠራም። አዶልፍ ኬትሌ (ጌንት፣ 1796) የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሰው ነበር፤ ሐኪም አልነበረም። በ1832 ያሳየው የአዋቂዎች ክብደት ከቁመት ካሬ ጋር አብሮ እንደሚሄድ ነው፤ የፈለገው «አማካይ ሰውን» እንጂ ወፍራሙን ከቀጭኑ መለየት አልነበረም። ለውፍረት መለኪያነት ያጸናው በ1972 አሜሪካዊው አንሰል ኪስ ነው።

ስሌቱ ላይ የሚያሳስተው ቁመቱ ነው፤ ካሬ ስለሚሆን ስሕተቱ ይባዛል። 60 ኪሎ ሰው 1.60 ሜትር ቢሆን 23.4፤ ጫማ ሳያወልቅ 1.62 ቢለካ 22.9። ለነፍሰ ጡርና ፈሳሽ ለቋጠረ ሰው አይጠቀሙበት። ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ልጆች የክንድ ቴፑን ይያዙ፦ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከባድ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 መካከለኛ የምግብ እጥረት ነው። ቴፑ በግራ ክንድ፣ በትከሻና በክርን መካከል ይዋል፤ ቆዳውን ካጨማደደ ጠብቋል፣ ከቆዳው ከተላቀቀ ላልቷል።