ማሆጋኒ ነው ቢሉህስ? ስለ ርካሽ ኤሌክትሪክ ጊታር ለጠየቃችሁኝ

ከባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር የጻፈ ወጣት ሁለት ያገለገሉ ጊታሮች አይቷል። ሻጩ አንዱን «ማሆጋኒ ነው»፣ ማለትም ከውድ እንጨት የተሠራ ነው፣ ብሎ ዋጋ ሰቅሎበታል። ሌላው ባስውድ ከሚባል ርካሽ እንጨት ነው። «ባስውድ ድምፁ ይሞታል ይላሉ፣ ጨምሬ ልግዛ?» ይላል።

አትጨምር። በዚህ ወሬ ስንት ልጅ ያጠራቀማትን ብር እንዳፈሰሰ ስላየሁ ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

ኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ክራር አይደለም። ክራር ላይ ክሩ ቆዳውን ያንቀጠቅጠዋል፣ የምትሰማው ከዚያ የወጣውን ነው። እዚህ ግን ከክሩ ሥር ፒክአፕ አለ። ማግኔት ነው፣ ዙሪያውን ቀጭን የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሞበታል። የብረት ክሩ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) የሚያጎላው እሱን ነው። እንጨቱ በክሩ አረጋገብ ላይ ትንሽ እጅ አለው። ግን ተራው ከፒክአፑ፣ ከክሩና ከአምፑ በኋላ ነው።

ዳንኤሌክትሮ የሚባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጊታሮቹን የሚሠራው በእንጨት ፍሬም ላይ ሜሶናይት፣ ማለትም የተጨመቀ የእንጨት ቃጫ ሰሌዳ እየለጠፈ ነበር። ርካሽ ነበሩ፤ ዛሬ ሰው ለድምፃቸው ብሎ ይፈልጋቸዋል። የጃፓኑ ጊታር ሠሪ ኢባኔዝም ውድ ውድ ሞዴሎቹን ሳይቀር በባስውድ ሠርቷል።

እንጨቱ የሚለየው ሌላ ቦታ ነው፤ ብሎን በመያዝ። ባስውድ ለስላሳ ነው። በቅርቡ አንድ ጊታር ጠረጴዛዬ ላይ መጣ፣ የማንገቻው ብሎን በጣቴ ስስበው ወጣ። ቀዳዳው ውስጥ የተፈረፈረ ነጭ እንጨት ብቻ ነበር። ሦስት ስቴኪኒ ኮላ ቀብቼ ሰካሁበት፣ ትርፉን ቆረጥኩ፣ አሳደርኩት። ጠዋት ብሎኑን ስመልሰው ጥርቅም አለ። የማንገቻው እንዲህ ይድናል። ክሩ የተወጠረበት የድልድዩ ብሎን ከላላ ግን ጊታሩ ቅኝት አይጠብቅም። ስለዚህ ስትገዛ ድልድዩን ነቅነቅ አድርገው። አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚገጥምበትን እይ፣ ክፍተት ካለ ተወው። ለ«ማሆጋኒው» ልትጨምር ያሰብከውን ብር ለአዲስ ክርና ጊታሩን ለሚያስተካክልልህ ባለሙያ ስጥ።

ሌላ ጠያቂ፦ ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የናይለን ክር ልግጠም? አይሆንም። ማግኔቱ ናይለን አይሰማም።

አንድ አናጺ አባት ለልጃቸው የጊታር አካል ከዋንዛ ሊሠሩ አስበዋል።

ጋሼ፣ ደስ ብሎኛል። በገናና ከበሮ የሚሠራበት እንጨት ለዚህ አያንስም። 45 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይበቃዎታል። ዋናው ድርቀቱ ነው። ጣውላውን ጥላ ውስጥ አየር እንዲያገኘው ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፣ በየሳምንቱ ይመዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ሥራ ይጀምሩ። በክረምት የጣና ሐይቅ እርጥበት ስላለ አይቸኩሉ፣ በጋውን ይጠቀሙ። ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ክልክል ነውና ጣውላውን ከሕጋዊ ነጋዴ በደረሰኝ ይግዙ። አንገቱን ግን ተሠርቶ ያለቀ ይግዙለት። የፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ የተሰኩት የብረት መስመሮች) ርቀት በጥቂቱ እንኳ ከሳተ ጊታሩ መቼም አይቃኝም።

ቀዩ ይሻላል ጥቁሩ? ድምፁ ላይ ለውጥ የለውም፣ የወደድከውን ውሰድ።

ክረምት ሲገባ ክሩ ከአንገቱ ይርቃል ያልከኝ ሌላው ጠያቂ፣ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ነው። አንገቱ ውስጥ ያለው ብረት በትንሹ ሲዞር ይስተካከላል። ካልለመድከው የሚያውቅ ሰው ያዙርልህ።

ከቤዛዊት አካባቢ የጻፈችልኝ እህት ጊታር ይዛ ስትዘፍን ከንፈሯ ማይኩን ሲነካ ይነዝራታል። «ከርካሽ እንጨት ነው ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ ከእንጨቱ አይደለም። ዛሬውኑ አቁሚ። የጊታርሽ ክሮች በሽቦ ከአምፑ ብረት ጋር የተገናኙ ናቸው። አምፑ ከተበላሸ ወይም ቤቱ ኧርዝ (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር) ከሌለው፣ ኤሌክትሪኩ በእጅሽ ገብቶ በከንፈርሽ ይወጣል። ሰው የገደለ ነገር ነው። ጫማ መቀየር፣ ማይኩን በስፖንጅ መሸፈን መፍትሔ አይደለም። የአምፑ ሦስተኛ የሶኬት እግር ተቆርጦ ከሆነ ጨርሶ አትሰኪው። ጊታር የሚጠግን ልጅም አይበቃም። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥቶ አምፑንም የቤቱን ኧርዝም በመሣሪያ ይለካ። እሱ «ይሁን» እስኪል ክሩን አትንኪ። ሲጨርስ ምን እንዳገኘ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።