ጨለማውን ስላይድ አትጣሉት

በላብራቶሪና በፓቶሎጂ ሙያ ለምትጀምሩ ልጆቼ፦

ሥራችሁን ይዛችሁ ስትመጡ መጀመሪያ የምታሳዩኝ ሁልጊዜ ያማረውን ሥዕል ነው፤ በጥቁር መደብ ላይ አረንጓዴ ክር የተንሰራፋበት፣ መሐሉ ላይ ሰማያዊ ኒውክለስ የተቀመጠበት የሰው ሴል። እኔም ደስ ብሎኝ አየዋለሁ። አረንጓዴው ክር ኬራቲን የተባለው ፕሮቲን ነው፤ የሚያበራ ቀለምን በሚያሳየው በፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ ሲታይ ከኒውክለሱ ዙሪያ ተነሥቶ እስከ ሴሉ ዳር ይዘረጋል፤ ዳር ላይም ሴሉ ከጎረቤቱ ጋር በሚያያዝባቸው ነጥቦች ላይ ይታሰራል። ይህን አይቶ የማይገረም ሰው አላጋጠመኝም። ግን ወዲያው የምጠይቃችሁን ታውቃላችሁ፦ ምንም ያልበራበት ስላይድ የታለ? አብዛኞቻችሁ «እሱማ ባዶ ስለሆነ ፎቶ አላነሣነውም» ትሉኛላችሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኸው መልሳችሁ ነው።

ከምንፈልገው ነገር ልጀምር። ኬራቲን ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ፀጉርና ጥፍርን ነው። ሆኖም ቆዳችንን፣ የአንጀታችንን ውስጠኛ ገጽ፣ የአየር ቧንቧችንን፣ የጡት ወተት መተላለፊያዎችን የሚሸፍኑት ኤፒተልየል ሴሎች ሁሉ በውስጣቸው የኬራቲን ክር አላቸው። የክሩ ውፍረት 10 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ 7 ናኖሜትር ከሚሆነው ከአክቲን ክር ይወፍራል፣ 25 ናኖሜትር ከሚደርሰው ከማይክሮቲዩቡል ደግሞ ይቀጥናል። የሰው ልጅ 54 የሚሠሩ የኬራቲን ጂኖች አሉት። በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ ከአንዱ ወገን አንድ፣ ከሌላው ወገን አንድ ካልተጣመሩ ክር አይሠሩም። ኬራቲን 8 ከ18 ጋር በጉበትና በአንጀት ሴሎች፣ 5 ከ14 ጋር በቆዳ የታችኛው ድርብ፣ 1 ከ10 ጋር ደግሞ ከዚያ ከፍ ብለው ባሉት ድርቦች ይገኛሉ። ሥራቸው በሲሚንቶ ውስጥ እንደተቀበረ ፌሮ ነው። ይህን አጉልቶ ያሳየን አንድ በሽታ ነው፤ በኬራቲን 14 ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ ሲምፕሌክስ የሚባለውን የቆዳ ሕመም እንደሚያመጣ በ1991 ታወቀ። ሕፃኑ መዳህ ሲጀምር ጉልበቱና መዳፉ ውኃ ይቋጥራል፤ የታችኛው ድርብ ሴሎች ትንሽ ፍትጊያ እንኳ መቋቋም አቅቷቸው ይቀደዳሉ።

ይህን ክር በብርሃን ለማየት የምንጠቀምበት ዘዴ ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ። አልበርት ኩንስ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ሐኪም በ1939 በርሊን ከተማ ውስጥ ሳለ በሩማቲክ ፊቨር ሕሙማን ልብ ላይ ስለሚታዩ ቁስሎች ያስብ ነበር። ቁስሉ የሚመጣው ሰውነት ከባክቴሪያ ጋር በሚያደርገው ግብግብ ነው ከተባለ፣ የባክቴሪያው ርዝራዥ በቁስሉ ውስጥ መኖሩን ማን አይቷል? ባክቴሪያውን ለይቶ በሚይዘው የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን፣ በአንቲቦዲው ላይ፣ የሚታይ ነገር ቢለጠፍስ? ወደ ሃርቫርድ ተመልሶ ከባልደረቦቹ ጋር በ1941 የመጀመሪያውን የሚያበራ አንቲቦዲ አሳተመ። የመጀመሪያው ቀለሙ ሰማያዊ ነበር፤ የሰውነት ሥጋ ደግሞ በራሱ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ስለዚህ በሥጋ ናሙና ላይ የትኛው ብርሃን የአንቲቦዲው፣ የትኛው የናሙናው እንደሆነ መለየት ይቸግር ነበር። ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ ወደሚያበራው ፍሎረሲን የተዛወሩት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ሙያ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ዋናው ጭንቀቱ «ያየሁት ብርሃን የማን ነው?» የሚለው ነው። ዛሬም አልተለወጠም። ቀለሞቹ ደመቁ፣ ካሜራው ረቀቀ፤ ጥያቄው ግን እንዳለ ነው።

አሠራሩን ታውቁታላችሁና በአጭሩ ልለፈው። ሴሎቹን በቀጭን መስታወት ላይ እናሳድጋለን፣ ባሉበት እንዲረጉ እናደርጋለን፣ ኬራቲንን የሚይዝ የአይጥ አንቲቦዲ እንጨምራለን፣ አጥበን የአይጥን አንቲቦዲ የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ እናስከትላለን። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከፍየል ደም የሚወጣ ሲሆን የሚያበራውን ቀለም የተሸከመው እሱ ነው። በአንድ የአይጥ አንቲቦዲ ላይ ብዙ የፍየል አንቲቦዲዎች ስለሚያርፉ ብርሃኑ ይጠነክራል። ችግሩም አብሮ ይጠነክራል፤ የፍየሉ አንቲቦዲ ያለቦታው ከተጣበቀ እሱም ያበራል።

ቆም እንድትሉ የምፈልገው ሴሉን ባለበት በሚያረጋው ደረጃ ላይ ነው፤ ስትቸኩሉ የማየው እዚያ ነውና። ፎርማልዲሃይድ ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ ያስተሳስራል። የሴሉን ቅርጽ ጥሩ አድርጎ ይጠብቃል፤ ግን ሽፋኑን ስለማይከፍት በኋላ ትሪተን የተባለውን ሳሙና መሰል ፈሳሽ መጨመር ያስፈልጋል። አንዳንድ ጊዜም አንቲቦዲው የሚይዘውን የኬራቲን ክፍል ይሸፍነዋል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የቀዘቀዘ ሜታኖል ደግሞ ውኃውን ነጥቆ ፕሮቲኑን ባለበት ያረጋዋል፣ የሽፋኑን ስብ ያጥባል፣ መግቢያ ይከፍታል። ለኬራቲን ብዙ ጊዜ የተሻለ የሚሆነው ሜታኖሉ ነው፤ ክሩ በቀላሉ ስለማይሟሟ ታጥቦ አይሄድም። ይሁንና ሥራውን በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሰው ሜታኖል ሌሎች ልል ፕሮቲኖችን አጥቦ ሊወስድና ሴሉን ሊያኮማትር ይችላል። የምመክራችሁ ይህ ነው፤ አዲስ አንቲቦዲ በእጃችሁ ሲገባ በሁለቱም መንገድ ሞክሩት፣ ሁለቱንም ፎቶ አንሡ፣ ውጤቱ ከተለያየ ለምን እንደተለያየ ሳታውቁ አንዱን መርጣችሁ አትለፉ። በጠርሙሱ ላይ የታተመው መመሪያ መነሻችሁ ይሁን፤ የእናንተን ሴል ግን አላየውም።

አሁን ወደ ጨለማው ስላይድ። የመጀመሪያው ኮንትሮል (ማመሳከሪያ ስላይድ) የአይጡ አንቲቦዲ ያልገባበት፣ የፍየሉ ብቻ የተጨመረበት ነው። እሱ ካበራ ያያችሁት ብርሃን ከኬራቲን ጋር ግንኙነት የለውም። ይህን ብዙዎቻችሁ ትሠራላችሁ፤ ግን ይህ ብቻውን የሚናገረው ስለ ሁለተኛው አንቲቦዲ ነው። የመጀመሪያው አንቲቦዲ ኬራቲንን ለይቶ መያዙን የሚነግራችሁ ኬራቲን የሌለው ሴል ነው። ከቆዳ የሚገኝ ፋይብሮብላስት ጥሩ ምስክር ነው፤ ቪመንቲን የተባለውን የሌላ ቤተሰብ ክር በብዛት ይይዛል፣ ኬራቲን ግን የለውም። ከጎኑ ኤምሲኤፍ 7 የተባለውን የጡት ካንሰር ሴል አስቀምጡ፤ እሱ ኬራቲን 8 እና 18 አለው። ሁለቱ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጠርሙስ በተቀዳ አንቲቦዲ፣ በአንድ ዓይነት እጥበት ይሠሩ። አንዱ ሲበራ ሌላው ጨለማ ሆኖ ከቀረ፣ ያን ጊዜ ያማረውን ሥዕላችሁን ማመን እጀምራለሁ። ሁለቱም ካበሩ አንቲቦዲውን አቅጥናችሁ ድገሙት። ሁለቱም ከጨለሙ ደግሞ ስለ ኬራቲን ገና ምንም አላወቃችሁም፤ ምናልባት አንቲቦዲው ሞቷል፣ ምናልባት መብራቱ ተዘግቷል።

ካሜራውም መገራት አለበት። የብርሃን መቀበያ ጊዜውን በሚያበራው ስላይድ ላይ ወስኑና በጨለማው ላይ ሳትነኩት አንሡ። ማሽኑ በራሱ እንዲያስተካክል ከተፈቀደለት ጨለማውን ስላይድ ጎትቶ አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ያኔ ኮንትሮላችሁ ጠፋ ማለት ነው። ሌላው አጥብቄ የምጠይቃችሁ ልማድ ቦታ የምትመርጡት ዳፒ በተባለው የዲኤንኤ ቀለም ሰማያዊ ብርሃን ኒውክለሱን እያያችሁ እንዲሆን ነው። አረንጓዴውን እያያችሁ ከመረጣችሁ እጃችሁ ሳታውቁት ወደሚያምረው ሴል ይሄዳል፣ የደበዘዘው ሴል ከቁጥር ይወጣል። በዚያ ላይ ዳፒው ሌላ ጥቅም አለው፤ ከኒውክለሱ ውጭ በሴሉ ገላ ላይ ደቃቅ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ከታዩ ሴሎቻችሁ ማይኮፕላዝማ በተባሉ ደቃቅ ባክቴሪያዎች ተበክለው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሥራውን አቁሙና አስመርምሩ።

ብርሃኑ የማይነግራችሁን ነገርም እወቁ። በዓይን በሚታይ ብርሃን የሚሠራ ተራ ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር በታች የተቀራረቡ ነገሮችን ለይቶ ማሳየት አይችልም። ስለዚህ ስክሪን ላይ ያለው ወፍራም ክር አንድ የኬራቲን ክር ነው ብላችሁ አትጻፉ፤ ብዙ ክሮች የተጠቀለሉበት ጥቅል ነው፣ ላዩ ላይም ሁለት ድርብ አንቲቦዲ ተደርቦበታል። የአንድ ቦታ መጨለምም ኬራቲን የለም ማለት ላይሆን ይችላል። በክፍፍል ላይ ባለ ሴል ውስጥ ክሩ ፈርሶ ወደ ትናንሽ ጠብታዎች የሚለወጥበት ጊዜ አለ። ክሩ ሌላ ፕሮቲን ተደርቦበት አንቲቦዲው የሚይዘው ቦታ ሊደበቅም ይችላል። ለዚህ ነው አንድ አንቲቦዲ «የለም» ሲላችሁ ሌላ የኬራቲን ክፍል በሚይዝ አንቲቦዲ እንድትጠይቁ አጥብቄ የምነግራችሁ።

ወደ ሆስፒታል የምትገቡት ደግሞ ይህን ሁሉ በሌላ ክብደት ታገኙታላችሁ። እዚያ ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ቀለም የሚያበራው ሳይሆን በተራ ማይክሮስኮፕ የሚታየው ቡናማው ነው፤ አንቲቦዲው ግን ያው ነው፣ ኮንትሮሉም ያው ነው። ከአንገት ዕጢ የተወሰደ ናሙና ላይ ምንነታቸው ያልተለየ ክፉ ሴሎች ሲታዩ ኬራቲን ካለ ወደ ካርሲኖማ፣ ማለትም ከኤፒተልየል ሴሎች ወደሚነሣ ካንሰር፣ እንጠቁማለን፤ ከሌለና የነጭ ደም ሴሎች ምልክት የሆነው ሲዲ45 ከተገኘ ወደ ሊምፎማ፣ ማለትም ወደ ነጭ ደም ሴሎች ካንሰር። የሁለቱ ሕክምና ፈጽሞ የተለያየ ነው። ካርሲኖማው ከየት እንደመጣ ለመፈለግም ኬራቲን 7 እና 20 ይረዳሉ፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር ብዙ ጊዜ 20ን ያሳያል፣ 7ን አያሳይም፤ የሳንባ አዴኖካርሲኖማ ደግሞ በተቃራኒው ነው። «ብዙ ጊዜ» ያልኩትን አትዝለሉት። ኬራቲን የሚያሳዩ ሳርኮማዎች፣ ማለትም እንደ ጡንቻና አጥንት ካለ አካል የሚነሡ ካንሰሮች፣ አሉ፣ ሲኖቪያል ሳርኮማ አንዱ ነው። ሐኪሙ የሚጠብቀው የእናንተን ወረቀት ነው፤ ታማሚዋ የምትጠብቀው ሐኪሙን ነው። ኮንትሮሉ ያልሠራበትን ቀን ውጤት፣ ቢዘገይም፣ ድገሙት እንጂ አትላኩት።

ብዙዎቻችሁ የምትለማመዱበትን የሂላ ሴልም ማንነት አስቡ። ሄንሪየታ ላክስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት እናት በ1951 ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ለማሕፀን በር ካንሰር ስትታከም ፈቃዷ ሳይጠየቅ ከዕጢዋ የተወሰደ ነው። በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ አረፈች፤ ሴሎቿ እስከ ዛሬ ይራባሉ። ኬራቲንም ቪመንቲንም ስላላቸው ለትምህርት ምቹ ናቸው። በስማቸው ስትጠሯቸው የእሷን ስም እየጠራችሁ መሆኑን ተማሪዎቻችሁ ይወቁ።

አገር ቤት ሆናችሁ ለምትሠሩ ጥቂት ልጨምር። በብዙ ጤና ተቋም ለቲቢ አክታ ምርመራ የሚያገለግል የኤልኢዲ ፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ አለ። ሰማያዊ ብርሃኑ አረንጓዴውን ቀለም ለመጀመሪያ ሙከራ ያህል ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ለዳፒ ግን አልትራቫዮሌት የሚሰጥ መብራት ያስፈልጋል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ለአንቲቦዲው ተጠንቀቁለት። ደጋግሞ በረዶ መሆንና መቅለጥ ይገድለዋል፤ እንደደረሰ በትናንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ ከዜሮ በታች 20 ላይ አስቀምጡ፣ የምትጠቀሙበትን አንዱን ቱቦ ብቻ ተራ ፍሪጅ ውስጥ አድርጉ። ቀለም የተሸከመውን ሁለተኛውን በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልሉት፤ ብርሃን ቀለሙን ይበላዋል፣ በረዶ ክፍል ውስጥም አታስገቡት፣ ተራ ፍሪጅ ይበቃዋል።

ገንዘብ ሲያጥር ብዙ የኬራቲን ዓይነት ከማዘዝ ብዙዎቹን ኬራቲኖች በአንድ ጊዜ የሚይዝ አንድ የአይጥ አንቲቦዲ፣ አንድ የቪመንቲን አንቲቦዲ፣ ለሁለቱ የሚሆኑ ሁለተኛ አንቲቦዲዎችና ዳፒ ግዙ። ሁለቱን ክሮች በአንድ ስላይድ ላይ በሁለት ቀለም ለማየት ከፈለጋችሁ የቪመንቲኑ ከጥንቸል የመጣ መሆን አለበት፤ ሁለቱም ከአይጥ ከሆኑ የፍየሉ አንቲቦዲ አይለያቸውም። ከማዘዛችሁ በፊት ይህን በወረቀቱ ላይ አንብባችሁ አረጋግጡ።