በአንድ መርጫ ውስጥ የተገናኙ ሁለት መድኃኒቶች

ይድረስ የሰብል ጥበቃ ሙያን ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

በሥራ ዘመኔ ብዙ ምክር ሰጥቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለተሳሳትኩበት ነው። ሰብሉ አበባ ላይ እንዳለ ተባይም ፈንገስም የገጠመው አንድ ገበሬ ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀኝ። በፀረ ተባዩና በፀረ ፈንገሱ መድኃኒት ላይ የተለጠፈውን መመሪያ አነበብኩ። ሁለቱም በመጠናቸው ከተረጩ ለንብ ያን ያህል አያሰጉም ይላል። ጉልበት እንዲቆጥብ ብዬ “ቀላቅለህ በአንድ ጊዜ እርጫቸው” አልኩት። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቱ የሆነው ንብ አናቢ አስጠራኝ። በየቀፎው ደጃፍ ንቦቹ ምላሳቸውን አውጥተው፣ መብረር አቅቷቸው ይንፈራገጡ ነበር። የእያንዳንዱ መድኃኒት መጠን ልክ ነበር። አብረው ምን እንደሚሠሩ ግን አልጠየቅኩም።

ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ንብ መርዝን የምታፈርሰው በሰውነቷ ባሉ ኢንዛይሞች ሲሆን ፒ450 የሚባሉት ዋነኞቹ ናቸው። የንብ ዘረመል በ2006 ሲነበብ እነዚህን የሚሠሩት ጂኖች 46 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ የፍሬ ዝንብ 85 አላት። አዞል የሚባሉት ፀረ ፈንገሶች ፈንገሱን የሚገድሉት ተመሳሳይ ኢንዛይም በማገድ ስለሆነ የንቧንም መከላከያ ያስሩባታል። በዚያው ሰዓት ፀረ ተባይ መርዝ ሲደርስባት የሚያፈርስላት የለም። በቤተ ሙከራ ታያክሎፕሪድ የተባለው ፀረ ተባይ ፕሮፒኮናዞል ከተባለው አዞል ጋር ሲሰጥ ለንብ ያለው መርዛማነት በብዙ መቶ እጥፍ ጨምሯል። በማሳ ላይ ልዩነቱ ከዚያ ያነሰ ነው፤ እኔ ያየሁት ግን ቀፎ ለማራቆት በቂ ነበር። በ2021 የታተመ፣ 90 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተናም የግብርና ኬሚካሎች ሲገናኙ የሚያደርሱት የንብ ሞት ከተናጠል ጉዳታቸው ድምር እንደሚበልጥ አሳይቷል።

መድኃኒቶቹን እናንተ ባትቀላቅሏቸው እንኳ ንቧ ትቀላቅላቸዋለች። ጠዋት ከአንዱ ማሳ፣ ከሰዓት ከሌላው ትቀስማለች፤ ያመጣችው ሁሉ ከአንድ የማር እንጀራ ይገባል። ሰም ደግሞ መርዝን ለዓመታት ይይዛል፤ አናቢው ራሱ ንብ ላይ ለሚጣበቀው የቫሮዋ መዥገር ያስገባውን መድኃኒት ጭምር። ስለዚህ አናቢዎችን ያረጀና የጠቆረ እንጀራ በየጊዜው እንዲያወጡ ምከሯቸው።

ሰብል ሲያብብ ፀረ ተባይንና ፀረ ፈንገስን አታቀላቅሉ። ተባዩ ጉዳት ከሚያደርስበት መጠን ካልደረሰም ጨርሶ አትርጩ። የግድ ከሆነ ፀሐይ ጠልቃ ቀሳሚዎቹ ከገቡ በኋላ ይሁን። ሆኖም በተክሉ ውስጥ ተሰራጭቶ ወደ አበባው ወለላ የሚዘልቅ መድኃኒት በማታ ርጭት አይመለስም፤ እንዲህ ያለውን አበባው እስኪረግፍ አቆዩት። ከሰብሉ ሥር ያበበውን፣ ንብ የምትቀስመውን አረም አስቀድማችሁ አሳጭዱ፤ ብዙዎቻችን የምንረሳው ይህን ነው።

ያ ገበሬ ከዚያ ወዲህ ሊረጭ ሲያስብ በዋዜማው ለጎረቤቱ ይነግረዋል። አናቢው ቀፎዎቹን ሌሊት ያርቃል ወይም አየር እንዲያገኙ አድርጎ ለጥቂት ሰዓት ይሸፍናቸዋል፤ ንጹሕ ውኃም አጠገባቸው ያስቀምጣል።