ፎቶሾፕ ባይኖርሽም ፎቶ ቤት መግባት ትችያለሽ

ከመሐል ሜዳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። አስራ ሁለተኛን ጨርሰሻል፤ ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት መቀጠር ትፈልጊያለሽ። ያለሽ የወንድምሽ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ጓደኞችሽ ደግሞ «ጂምፕ ብቻ የሚያውቅ ማን ይቀጥረዋል?» ብለው አሳስበውሻል።

አይዞሽ። ጂምፕ እንደ ፎቶሾፕ ፎቶ የሚስተካከልበት፣ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው፤ አንዴ ከጫንሽው ኢንተርኔት አይፈልግም። ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕ ፍለጋ ላፕቶፑን በቫይረስ ከምትሞዪው ይሄ በብዙ ይሻላል። ፎቶ ቤት ያለ ሰው ሥራሽን ሲያይ ደግሞ ዓይኑ የሚያርፈው ሰውየው ከባክግራውንዱ የተቆረጠበት ጠርዝ ላይ ነው።

ክሮፕ ማድረግ፣ ማለትም የፎቶውን ዳር ቆርጦ ማስተካከል፣ ቶሎ ይለመዳል። ለጉርድ ፎቶ ምጥጥኑን 3 በ4 ብለሽ ቆልፊና ጎትቺ። በኢንች 300 ፒክስል ለማተም 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ፎቶ ወደ 354 በ472 ፒክስል ይፈልጋል። በጣም ካነሰ ፊቱ ይደበዝዛል። ሁሌም ኮፒው ላይ ስሪ።

ጊዜሽን ሴሌክሽን ላይ፣ ማለትም የሚቆረጠውን ክፍል መምረጥ ላይ፣ አፍስሺ። ጀማሪ ፈዚ ሴሌክት በሚባለው መምረጫ ባክግራውንዱን ጠቅ አድርጎ ዴሊት ይላል። መሣሪያው ግን የሚመርጠው በቀለም መመሳሰል ነው። ነጠላ የለበሱ እናት ነጭ ግድግዳ ፊት ቆመው ከተነሱ፣ ግድግዳውን ስትነኪ ነጠላውም አብሮ ይሄዳል። ትሬሾልዱን (የቀለም መመሳሰል ልኩን) ስትቀንሺው ደግሞ ጥላ ያረፈበት ግድግዳ ሳይመረጥ ይቀራል። እንዲህ ያለውን በፓዝ፣ በነጥብና በመስመር ዙሪያውን በሚከብበው መሣሪያ፣ ስሪው። የነጠላውን ጠርዝ ነጥብ በነጥብ ተከተዪ፤ ኩርባ ሲመጣ መስመሩን እየጎተትሽ እጠፊው። ዙሪያው ሲዘጋ ወደ ሴሌክሽን ቀይሪና ከእሱ ሌየር ማስክ (ምስሉን ሳያጠፋ የሚደብቅ ሽፋን) አውጪ። ማስኩን በጥቁር ስትቀቢ ምስሉ ይደበቃል፣ በነጭ ስትቀቢ ይመለሳል። ዴሊት ያደረግሽውን ግን ፋይሉን ከዘጋሽ በኋላ አታገኚውም።

የመንዝ በርኖስ ሌላ ፈተና ነው። የሱፉ ጸጉር ጠርዙ ላይ ብቅ ብቅ ይላል፤ በፓዝ ብቻ ከቆረጥሽው ካርቶን ይመስላል። ማስኩን ጠርዙ በለሰለሰ ትንሽ ብሩሽ ቀስ እያልሽ አስተካክዪ። አሰልቺ ነው፤ ሥራ የሚያስገኝልሽ ግን ይሄ ነው።

ፎቶሾፕ ላይ ፔን ቱል የሚባለው እንደ ፓዝ፣ ማጂክ ዋንድ የሚባለው እንደ ፈዚ ሴሌክት ነው የሚሠራው። ቀጣሪሽ ጋ ፎቶሾፕ ቢጠብቅሽ እጅሽ ቶሎ ይለምደዋል። ትልቅ ማተሚያ ቤት ካሰብሽ ግን፣ በህትመት ቀለም በኩል ጂምፕ አሁንም ከፎቶሾፕ ያንሳል።

ለሥራ ስትጠይቂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። አንድ ጉርድ፣ አንድ ነጠላ፣ አንድ በርኖስ፣ ከነኦሪጅናላቸው ፍላሽ ላይ ያዢ። ባክግራውንድ የሌለውን በፒኤንጂ አውጪ፤ ጄፔግ ባዶውን ቦታ በቀለም ይሞላዋል። የጂምፑን ፋይልም ጨምሪ፤ ባለቤቱ ዙም አድርጎ ጠርዙን ሲመረምር ማስኩን ከፍተሽ ታሳዪዋለሽ። ፎቷቸውን ለናሙና የምትጠቀሚባቸውን ሰዎች ደግሞ አስቀድመሽ አስፈቅጂ።