እናቲቱን ቀልቡ፣ ልጆቹን ለእሷ ተዉላት

ልጆቼ፣

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ላይ ጎጆ ከቀለስኩ ወዲህ፣ ጡረታ ብወጣም የቤቴ በር መንኳኳቱን አልተወም። የእንስሳት ሐኪም መሆኔን ሰፈሩ ያውቃላ። ድሮ የሚመጡት «ላሜ መብላት እምቢ አለች» የሚሉ ገበሬዎች ነበሩ። አሁን የምትበዙት ከከተማ ወጥታችሁ እዚህ ዳር የተከራያችሁ ወጣቶች ናችሁ፤ ካርቶን ታቅፋችሁ፣ ካርቶኑ ውስጥ ዓይናቸው ያልተገለጠ የድመት ልጆች ይዛችሁ። «ዶክተር፣ እናታቸው ጥላቸው ሄደች» ትሉኛላችሁ። እኔም መልሼ፣ ስንት ሰዓት ቆማችሁ ጠበቃችኋት? እላለሁ። ብዙዎቻችሁ መልስ የላችሁም።

አራስ ድመት ውላ የምታድረው ልጆቿ ላይ ብቻ አይደለም። ይርባታል፣ ይጠማታል፣ ወጣ ትላለች። ቦታው ካልጣማት ወይም ሰው ከበዛባት ደግሞ ልጆቿን አንድ በአንድ በማጅራታቸው አንጠልጥላ ቤት ትቀይራለች። እናንተ ጅምር ቤት ውስጥ ብቻውን ያገኛችሁት ግልገል ተራውን የሚጠብቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። ሆዱ ሞላ ብሎ፣ ገላው ሞቆ፣ ዝም ብሎ ከተኛ እናት አለችው፤ አትንኩት። ገላው ቀዝቅዞ፣ ሆዱ ተጣብቆ፣ ጩኸቱን አላቋርጥ ካለ ግን ያኔ እጃችሁን ስደዱ።

«ሰው የነካውን ልጇን ትበላዋለች» የሚባለውም ያስፈራችኋል። በእጃችሁ ጠረን ብቻ ልጇን የምትበላ ድመት አላየሁም። የሞተ ወይም የታመመ ግልገል የምትበላ አለች፤ ሰላም ያጣች፣ ሕፃናት በየደቂቃው የሚከፍቱባት፣ ውሻ የሚያስደነግጣትም እንዲሁ። የሰፈር ልጆች አራስ ጥየቃ እንደሚሄድ ሰው ተሰልፈው ሲገቡባት አራስ ነብር ብትሆን አትፍረዱባት። ጨለም ያለ ጥግ፣ አሮጌ ጨርቅ የተነጠፈበት ካርቶን፣ አጠገቧ ውኃ፤ ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ውጡ።

የእናንተ ዋና ሥራ ያለው እሷ ሆድ ላይ ነው። የምታጠባ ድመት ከወትሮዋ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት እጥፍ ትበላለች። ድመት ሥጋ በል ናት፤ እንጀራ በሽሮ ሆዷን ይሞላዋል እንጂ ወተት አይሆናትም። እዚህ ላይ የጾሙ ነገር አለ። ሁዳዴ ላይ የወለደች እንደሆነ 55 ቀን ሙሉ ቤቱ ውስጥ ሥጋም እንቁላልም የለም፣ ፍርፋሪውም የጾም ነው። ጾሙ የእናንተ ነው፤ ለእሷ ከልኳንዳ ሳንባና ቅንጥብጣቢ ገዝታችሁ፣ ያለ ጨው ቀቅላችሁ ስጧት። የተቀቀለ እንቁላልም ጥሩ ነው። ጉበት ግን በየቀኑ አይሁን። ወጥ የነካው ነገር ደግሞ ጨርሶ አይቅረብላት። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ፣ ቢበስልም፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ነጭ ሽንኩርቱ ይብሳል።

የተወለደ ግልገል 100 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ በቀንም ከ10 እስከ 15 ግራም ይጨምራል። የወጥ ቤት ሚዛን ካላችሁ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዝኑ፤ ለውጡን ከዓይናችሁ ቀድሞ ሚዛኑ ያያል። ጠጋ ብላችሁ ካስተዋላችሁ ደግሞ በጥቂት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ የራሱን ጡት ይይዛል፤ ዓይኑ ሳይገለጥ፣ በማሽተት ብቻ ወንድሙን ረግጦ ወደዚያው ይሳባል። ዓይናቸው የሚገለጠው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በጣት ለመክፈት አትሞክሩ።

እውነት እናት የሌለው ከገጠማችሁ፣ መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ምግብ። በዚህ ቅደም ተከተል አልደራደርም። እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ የቀዘቀዘ ግልገል የዋጠውን መፍጨት አቅቶት ይሞታል። በእኛ ሰፈር የታኅሣሥ ውርጭ፣ መብራትም በሚጠፋበት ሌሊት፣ ሙቅ ውኃ የሞላችሁትን ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጎኑ አድርጉለት፤ ሲሞቀው የሚሸሽበት ቦታም ተዉለት። የላም ወተት ብቻውን ለድመት ልጅ ቀጭን ነው፣ ያስቀምጠዋልም። የድመት ልጅ ወተት እስኪገኝ ለአንድ ሌሊት ያህል በሙሉ ወተት ላይ የእንቁላል አስኳል መትታችሁ፣ ለብ አድርጋችሁ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጠብ ጠብ አድርጉለት። በሆዱ ተኝቶ ይጥባ፤ እንደ ሰው ልጅ በጀርባው ካስተኛችሁት ወተቱ ሳንባው ይገባል። በመጀመሪያው ሳምንት በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ነው፣ ሌሊትም። ከጠባ በኋላ በሞቀ እርጥብ ጨርቅ መሽኛውን አሸት አሸት አድርጉለት፤ እናቱ ካልላሰችው ወይም እናንተ ካላሻችሁት ሽንቱን መሽናት አይችልም።

ወደ ሐኪም የምትሮጡት መቼ ነው? ምጥ ላይ ሆና ግማሽ ሰዓት በኃይል አምጣ ምንም ካልወጣ። ከወለደች በኋላ ከተንቀጠቀጠች፣ እግሯ ከደረቀ፣ ካለከለከች፤ ይህ የካልሲየም እጥረት ነው፣ እስከ ነገ አይቆይም። ጡቷ ጠንክሮ ካቃጠለና ልጆቿን ካላስጠጋች። ከእነዚህ አንዱን ስታዩ ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት። ለእናንተ ራስ ምታት የሚሆነው አንድ ክኒን ድመትን ይገድላል።

ነፍሰ ጡር ሴት ያለችበት ቤት የድመቷን አይነ ምድር ሌላ ሰው በየቀኑ ያንሳ። ድመት የነከሰቻችሁን ቦታ 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይመጣል። ድመቷ ራሷ የዚህን በሽታ ክትባት መውሰድ የምትጀምረው ከሦስት ወሯ ነው።

አንድ የማይታመን የሚመስላችሁ ነገር፦ እያጠባች ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናዋ ደግሞ ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። ልጆቿ ጡት እንደተዉ ማምከኑን አስቡበት። በከተማው የግል ክሊኒኮች ይሠራሉ፤ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው።

ጎረቤት «ለአይጥ» ብሎ ገና በወራቸው ይጠይቃችኋል። በአራት ሳምንት ምግብ መቅመስ ቢጀምሩም እስከ ስምንት ሳምንት አቆዩአቸው፤ አደኑንም፣ ሲጫወቱ ንክሻን መመጠኑንም የሚማሩት ከእናታቸውና ከእርስ በርስ ትግላቸው ነው። ስትሰጡም ተቀባዩን ቤቱ የአይጥ መርዝ ያስቀምጥ እንደሆነ ጠይቁት። መርዝ የበላችው አይጥ ስትደነዝዝ ለድመቷ ቀላል አደን ትሆናለች፣ ድመቷም አብራት ልትሞት ትችላለች። «ሁለቱንም እጠቀማለሁ» ካላችሁ ግልገሏን ይዛችሁ ተመለሱ።