መልስ፦ መዕሙል የዒድ ነው የፋሲካ?

የሁለቱም ነው። ኮምቦልቻ ለዒድ ስትጋግሪው ያየችሽ ጎረቤትሽ «ይሄ እኮ የክርስቲያን ነው፤ ቤይሩት አሠሪዎቼ ለፋሲካ ነበር የሚሠሩት» ያለችሽ ውሸቷን አይደለም፤ አንቺም አልተሳሳትሽም።

መዕሙል ከሰሞሊና (ከሻካራ የስንዴ ዱቄት) የሚሠራ፣ ቴምር የሚሞላበት የሶርያ፣ የሊባኖስና የፍልስጤም ብስኩት ነው። እዚያ ክርስቲያኑ ሁዳዴን ፈቶ፣ ሙስሊሙ ረመዳንን ጨርሶ ይበላዋል። የሶርያ አይሁዶች እንኳ ፑሪም ለሚባለው በዓላቸው ይጋግሩታል። ክርስቲያኖቹ ከጎኑ ቴምር የተሞላ፣ ቀለበት የመሰለ ብስኩትም ያደርጋሉ፤ የእሾህ አክሊል ምሳሌ ነው ይላሉ። ጎረቤትሽን ጠይቂያት፣ ሳታየው አትቀርም።

የዒድ ብስኩት ታሪክ ጎልቶ የሚገኘው ግብፅ ነው። የመዕሙል ዘመድ የሆነውን እዚያ ካሕክ ይሉታል። ፋጢማውያን የሚባሉት ሙስሊም ነገሥታት ግብፅን ሲገዙ (እ.ኤ.አ. 969–1171) ዳር አል-ፊጥራ የሚባል ቤት ነበራቸው፤ ሥራው የዒድ ጣፋጭ አዘጋጅቶ ማደል ነበር። መንግሥት ብስኩት ሲያድል አስቢው! ወሎ ላይማ ዒዱም ፋሲካውም ካንድ ግቢ ስለሚገኝ፣ ክርክሩን ትታችሁ አብራችሁ ጋግሩት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረውን የወጥ ቅቤ እንዳታስገቢበት፤ የቴምሩን ጣዕም ድራሹን ያጠፋዋል። ለጋ ቅቤ ያለ ቅመም አንጥሪና ሰሞሊናውን በመዳፍሽ አሽተሽ ተከድኖ ይደር። ጠዋት ውኃ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ሰብስቢው፤ እንደ ዳቦ ሊጥ አትለውሺው፣ ይደርቅብሻል። ስትጨብጪው ካልተበተነ ቴምሩን መሙላት ትችያለሽ።