መርፌውን ከጀመርኩ የኮሌስትሮል ክኒኔን ላቁም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። 54 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ለልቤ ስቴንት (የጠበበውን የደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገብቶልኛል። ስኳር የለብኝም። ከስምንት ወር በፊት ሐኪሜ ዊጎቪ የሚባለውን የኪሎ መቀነሻ መርፌ አዘዘልኝና እስካሁን 11 ኪሎ ቀንሻለሁ፣ ተመስገን ነው። ባለፈው ሳምንት ደሜን ስመረመር ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ከ230 ወደ 172 ወርዷል። ኤልዲኤል የሚሉት መጥፎው ኮሌስትሮል ግን ከ84 ወደ 79 ብቻ ነው ዝቅ ያለው። ጓደኞቼ «መርፌው ልብንም ይጠብቃል ተብሏል፣ ታዲያ የኮሌስትሮል ክኒንሽ አቶርቫስታቲን ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል። እኔም ክኒን መዋጥ ታክቶኛል። ላቁመው? አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህቴም መርፌውን ላኪልኝ እያለች ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎ አያቁሙት።

ያ 79 በአብዛኛው የክኒኑ ሥራ ነው። አቶርቫስታቲን ጠንከር ባለ መጠን፣ ማለትም በ40 ወይም በ80 ሚሊግራም ሲወሰድ፣ ኤልዲኤልን በግማሽ ገደማ ያወርደዋል። የእርስዎም መጠን ይሄ ከሆነ፣ ክኒኑን በተዉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቁጥሩ ተመልሶ ወደ 150 ሊጠጋ ይችላል። ስቴንት ላለው ሰው ደግሞ ሐኪሞች ከ70 በታች እንዲሆን ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስለማቆም ሳይሆን «79 ለእኔ ይበቃል ወይ? ኢዜቲሚብ ይጨመርልኝ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ይህ ሌላ የኮሌስትሮል ክኒን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሲታክትዎም ይገባኛል። ግን ሳልነግርዎት ባልፍ ያሳዝነኛል።

ትራይግሊሰራይዱ ያን ያህል ወርዶ ኤልዲኤሉ ለምን ፈቀቅ አላለም? ሁለቱ መንገዳቸው ይለያያል። ትራይግሊሰራይድ ጉበት ከትርፍ ምግብ እየሠራ ወደ ደም የሚለቀው ስብ ነው፤ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ጠጅ፣ ከልክ ያለፈ እንጀራ ሁሉ ወደዚያው ነው የሚሄደው። መርፌው ውስጥ ያለው ሴማግሉታይድ፣ ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨውን ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ይመስላል፣ ጨጓራ ምግቡን ቀስ ብሎ እንዲለቅና አእምሮም ቶሎ «በቃኝ» እንዲል ያደርጋል። ምግብ ሲቀንስና ቦርጭ ሲጎድል ጉበትም የሚለቀው ስብ ያንሳል። ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ የሚለቅመው ግን ጉበት ላይ ያለ ተቀባይ ነው። ስታቲን፣ ማለትም እንደ አቶርቫስታቲን ያለው ክኒን፣ እነዚህን ተቀባዮች ያበዛቸዋል፣ መርፌው እዚያ ላይ ያለው ጉልበት ትንሽ ነው።

ጓደኞችዎ የሰሙት ግን ውሸት አይደለም። ሴሌክት የተባለው ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ ነው የታተመው። 17,604 ሰዎች ነበሩበት፣ ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የልብና የደም ስር ሕመም ያለባቸው፣ ኪሎአቸው ከልክ ያለፈ፣ ስኳር የሌለባቸው፣ በአጭሩ እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ማለት ነው። በአማካይ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ሲከታተሏቸው፣ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከወሰዱት ከየ200ው 16ቱ ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ ደርሶባቸዋል ወይም በልብና በደም ስር ሕመም ሞተዋል። ሴማግሉታይድ ከወሰዱት ከየ200ው 13ቱ ናቸው። የደም ግፊትም በመጠኑ ወርዷል፣ በሰውነት ውስጥ ያለ ብግነትን የሚያሳየው ሲአርፒም ከሲሶ በላይ ቀንሷል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመጋቢት 2024 ዊጎቪን ለልብ መጠበቂያም ፈቀደ።

አሁን ጓደኞችዎ ያልሰሙትን ልንገርዎ። በዚያ ጥናት ውስጥ ከነበሩት ከ10ሩ 9 ያህሉ የኮሌስትሮል መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነበር። ጥቅሙ የተገኘው ክኒኑ ላይ መርፌው ሲጨመር ነው።

ስታቲኑ ጡንቻዎን እያመመዎት ከሆነ ወይም ዋጋው ከብዶዎት ከሆነ ግን ሳይደብቁ ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ ሌላ ዓይነት ስታቲን አለ፣ መጠኑም ይስተካከላል። መርፌውንም በራስዎ አያቋርጡ። ያቋረጡ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ የቀነሱትን ኪሎ ሁለት ሦስተኛ መልሰው ጨምረዋል፣ የደም ስባቸውም አብሮ ወደ ነበረበት ተጠግቷል።

ወደ እህትዎ ልምጣ። በሻንጣ አይላኩላት። ያልተከፈተ መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ነው መቀመጥ ያለበት፣ በረዶ ከሠራ ደግሞ ይጣላል። በ0.25 ሚሊግራም ተጀምሮ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚጨመረው። ትውከቱ ሲበረታባት፣ የሐሞት ጠጠር ወይም የቆሽት ሕመም ሲነሳባት ማን ያያታል? በቤተሰብ ውስጥ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ካለም ጭራሽ አይወሰድም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። እርስዎ ገና በ52 ዓመትዎ ስቴንት ካስፈለግዎት፣ እህትዎም ተጋላጭ ልትሆን ስለምትችል ኪሎዋን ትታ መጀመሪያ ኮሌስትሮሏንና የደም ግፊቷን ትለካ። ኤልዲኤሏ ከፍ ካለ አቶርቫስታቲን አዲስ አበባም ፋርማሲ ውስጥ አለ፣ ዋጋውም ከመርፌው ጋር አይወዳደርም። የእርስዎን የልብ ሕክምና ወረቀት ዛሬውኑ ፎቶ አንስተው ይላኩላትና ለሐኪሟ ታሳየው።